አንድ ድንጋይ፣ አንድ አምፖል፣ አንድ ሽቦ

ውድ ሂሩት፣

እንደምን ከርመሻል? ይህን ያህል ጊዜ መጥፋቴ ይቅርታም የሚያሰጥ አይደለም፤ እንደማትቀየሚኝ ስለማውቅ ግን በዚያው ልለፈው። ለአራተኛ ክፍል ልጆች ሳይንስ በተግባር ልታስተምሪ በፈቃድሽ መነሳትሽን ሰማሁ። በኤሌክትሪክ ጀምሪ።

60 ልጅ ካለ አራት አራት አድርገሽ ክፈያቸው። ለ15ቱ ቡድን 15 ትልቁን የባትሪ ድንጋይ፣ 15 የእጅ ባትሪ አምፖል፣ 20 ሳንቲ ሜትር የሚሆን 15 ቁራጭ ሽቦ ያዢ። አምፖሉን አምስት ጨምሪበት፤ ይወድቃል፣ ኪስም ይገባል። አንገቱ ላይ ያለውን ቁጥር ሳታይ ደግሞ አትግዢ። 3.8 ቮልት የሚለው በአንድ ድንጋይ፣ ማለትም በ1.5 ቮልት፣ ቀላ ብሎ ይቀራል፤ ፀሐይ በሚገባበት ክፍል ጭራሽ አይታይም። 2.5 ወይም ከዚያ በታች ፈልጊ። ድንጋዩ ርካሹ ይሁን፦ አልካላይን የሚባለው ውዱ ድንጋይ ሁለት ጫፉ በሽቦ ሲገናኝ ብዙ ከረንት ስለሚለቅ ጣት ያቃጥላል፤ ርካሹ ቶሎ ይደክማል እንጂ ያን ያህል አይግልም።

የሽቦውን ላስቲክ ከሁለቱም ጫፍ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ቤትሽ ላጪው። ከተቃጠለ ሞተር የተፈታ ሽቦ ከሆነ ግን ቫርኒሽ አለበት፤ በብርጭቆ ወረቀት ካልተፋቀ አያስተላልፍም።

ዕቃውን ከማደልሽ በፊት የግድግዳው ሶኬት 220 ቮልት እንደሆነና እንደሚገድል ንገሪያቸው። ካደልሽ በኋላ የሚሰማሽ የለም።

መጀመሪያ ይበራል የሚሉትን አገጣጠም ደብተራቸው ላይ ይሳሉ። ብዙዎቹ ሽቦውን ከድንጋዩ አፍንጫ ወደ አምፖሉ ይስቡና ያቆማሉ፤ ኤሌክትሪክን እንደ ቧንቧ ውኃ ነው የሚያስቡት። ከዚያ «አብሩት» ብለሽ ዝም በይ። ከባዱ ይሄ ነው፤ የክፍሉ መምህርም ልጠቁማቸው ማለታቸው አይቀርም፣ በዘዴ ያዣቸው። አምፖሉን አፍንጫው ላይ አቁሞ ሽቦውን ከድንጋዩ ሥር ወደ አምፖሉ የጎን ብረት ያመጣ ቡድን ያበራል። አምፖል ሁለት መግቢያ እንዳለው፣ አንዱ የሥሩ ነጥብ ሌላው የጎኑ ብረት መሆኑን፣ ያኔ በእጃቸው ያገኙታል። አገጣጠማቸው ልክ ሆኖ እንቢ ካለ፣ አምፖሉን ከበራላቸው ቡድን አምፖል ጋር ለውጪው፤ ቀጥሎ ድንጋዩን። ሁለቱንም አንድ ላይ ከለወጥሽ የቱ እንደተበላሸ አታውቂም።

ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፤ የመጨረሻዎቹን አምስት ቆጥሮ ለመሰብሰብ ተያቸው። ለሳምንቱ የትኛው ዕቃ ኤሌክትሪክ እንደሚያስተላልፍ እንዲፈትኑ ሁለተኛ ሽቦ፣ ማንኪያ፣ ቁልፍና ላጲስ ያዢ። ስንቱ ቡድን እንዳበራ ጻፊልኝ።

ያንቺው፣
አልማዝ