ለትምህርት ቢሮ፦ የዩኒፎርም እጥፋት አራት ጣት ይሁንልን

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ቶሎ የማይጣል ዩኒፎርም እንዲኖረን ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣

ልብስ ሰፊ ነኝ። ያለኝ አንድ ሲንጀር፣ የጨርቅ ጠርዝ እየቆረጠ የሚዘመዝም አንድ ኦቨርሎክና አንድ የከሰል ካውያ ነው። (መብራት ሲጠፋ የሚያሳፍረኝ ኦቨርሎኩ ብቻ ነው።) ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም ማለቂያ ድረስ እጄ ላይ የሚወድቀው ሥራ ከሞላ ጎደል ዩኒፎርም ነው። ጋሼ አርዝምልኝ፣ ጋሼ አስፋልኝ፣ ጋሼ ጉልበቱን ጣፍልኝ።

ስለ ልብስ ብክነት ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው የፋሽን ትርኢትና ሞዴል ነው። እኔ ግን ዩኒፎርም ይታየኛል። ሰው በገንዘቡ የፈለገውን ይለብሳል፣ በደብዳቤ አይታዘዝም። ዩኒፎርም ግን በደብዳቤ የሚለወጥ ልብስ ነው። ከተማ አስተዳደሩ በ2012 ዓ.ም ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዩኒፎርም በነፃ ማደል ሲጀምር ቁጥራቸው ወደ 600 ሺህ ይጠጋ ነበር። ይህን ያህል ልብስ ባንዴ የሚያሰፋ ነጋዴ መርካቶም ቢፈለግ የሚገኝ አይመስለኝም።

በቅርቡ የመጣልኝን አንድ ሱሪ ላሳያችሁ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነው የሚለብሰው፤ ቁርጭምጭሚቱ ውጭ ቀርቷል። እግሩን ገለበጥኩት። ልጅ ሲያድግ ተለቅቆ የሚያስረዝመው እጥፋት አንድ ጣት አይሞላም። ጎኑን ፈታሁት። ኦቨርሎኩ ትርፉን ጨርሶ በልቶታል፣ ከስፌቱ ወዲያ ጨርቅ የለም። ወገቡም እንደዚያው። ጨርቁ ደህና ነው፣ ዚፑ ይሠራል፣ መቀመጫው እንኳን አልሳሳም። ልጁ ብቻ አደገ። "ከሌላ ጨርቅ ልቀጥልለት?" ብዬ እናቱን ስጠይቃት ልጁ ፊቱን አዞረ። አልፈረድኩበትም፤ እኔም በሱ ዕድሜ ብሆን አልለብሰውም ነበር።

ድሮ የሰፈር ልብስ ሰፊ አራት ጣት ሳያጥፍ የልጅ ሱሪ አይሰጥም ነበር። በየዓመቱ አንድ አንድ ጣት ይለቀቃል። የታጠፈበት ቦታ ነጣ ያለ መስመር ይተዋል፤ እኛም መስመሩን እየቆጠርን "ይሄ ሱሪ የሦስት ዓመት ነው" እያልን ባለቤቱን እናበሽቀዋለን። ታላቅ ሲያድግ ውራጁ ለታናሽ ይተርፋል። ውራጅ መልበስ ደስ ይል ነበር ብዬ አልዋሽም። ግን ነውር አልነበረም።

አሁን ያ ያጠረ ሱሪ የት ይሄዳል? ጠዋት "ልዋጭ!" እያለ የሚያልፈው ልጅ ከሌሎች አሮጌ ልብሶች ጋር አድርጎ በፕላስቲክ ጆግ ይለውጠዋል። ዕድል የቀናው ምናለሽ ተራ ደርሶ እንደገና ገዢ ያገኛል። ሌላው መወልወያ ይሆናል፣ ከዚያ ገንዳ፣ ከዚያ ቆሼ። ዛሬ የምንሰፋው ዩኒፎርም ደግሞ አብዛኛው ቴትሮን ነው፣ ፖሊስተርና ጥጥ አንድ ላይ የተፈተሉበት። ፖሊስተር ከነዳጅ የሚሠራ ፕላስቲክ ስለሆነ እንደ ጥጥ አይበሰብስም። ከጥጡ ለይቶ እንደገና ክር ማድረግም ከባድ ነው። በ2017 ፌስታልን በአዋጅ ከልክለናል፣ ጥሩ ነው። የምንለብሰውን ፌስታል ግን ማንም አላየውም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም ቆሼ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲሞት፣ የተናደው ክምር ከየቤታችን የወጣ ነበር፤ ከኔ ሱቅ የወጣ ቁርጥራጭም አይጠፋበትም።

ዩኒፎርሙን የምታሰፉበትን የጨረታ ሰነድ አላየሁም። የሙያዬን ግን አውቃለሁ። እኛ ሰፊዎች ዋጋ ቀንሱ ስንባል መጀመሪያ የምንቀንሰው ከጨርቁ ነው። እኔም አድርጌዋለሁ። በሺህ ሱሪ ላይ ከእያንዳንዱ ሁለት ጣት ስትቆጥብ ብዙ ሜትር ይተርፍሃል፣ ገዢውም ሲረከብ አይገለብጠውም። ስለዚህ ሰነዱ ላይ በቁጥር ይጻፍልን፦ የሱሪና የቀሚስ እጥፋት 7 ሳንቲ ሜትር፣ ጎንና ወገብ ላይ ከስፌቱ ወዲያ 2 ሳንቲ ሜትር ትርፍ፣ ጉልበት ላይ ድርብ ጨርቅ። ርክክብ ላይ ደግሞ ሜትር የያዘ ሰው ይቁም። ዋጋው ትንሽ ከፍ ይላል፣ አልክድም። ግን ሁለት ዓመት የሚለበስ ልብስ በየዓመቱ ከሚገዛው ይረክሳል።

ሌላው የግል ትምህርት ቤቶች ጉዳይ ነው። አንዲት እናት ሦስት የቡርጋንዲ ሹራብና ሁለት ሸሚዝ ይዛ መጣች። የልጇ ትምህርት ቤት ቀለሙን ወደ ሰማያዊ ቀይሯል፣ አዲሱም የሚገዛው ከራሱ ከትምህርት ቤቱ ብቻ ነው። ታናሽየው የታላቁን ሊወርስ ሲጠብቅ ነበር። "ማቅለም አይቻልም ወይ?" አለችኝ። ሹራቡ በሙሉ ፖሊስተር ነው፤ የጥጥ ማቅለሚያ አይዘውም። ሸሚዙ ላይ አርማው ደረቱ ላይ ተጠልፏል፤ ብፈታው ቀዳዳው ይቀራል። አጣጥፋ ይዛው ተመለሰች። ለዚህ ጥናት የሚያስፈልገው አይመስለኝም፤ አንድ ገጽ መመሪያ ይበቃል። ቀለም ቢያንስ ለአምስት ዓመት አይቀየር። አርማው ተነቃይ ይሁን። ወላጅ ቀለሙን ጠብቆ ከፈለገበት ቦታ ይግዛ ወይም ያሰፋ።

ይህ የኔ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2021 ሕግ አውጥታ፣ ትምህርት ቤቶች አርማ ያለበትን ልብስ እንዲያሳንሱና ወላጆች ያገለገለ ዩኒፎርም የሚያገኙበትን መንገድ እንዲያመቻቹ መመሪያ ሰጥታለች። እንግሊዝ ውራጅ ካላፈረች እኛ ምን ቆርጦን! ጳጉሜን ውስጥ ከአምስቱ ቀን አንዷን ለዚህ መስጠት ይቻላል። በየትምህርት ቤቱ ግቢ ያጠረበት ያምጣ፣ የሚሆነውን ይውሰድ። ፈረንሳይ ደግሞ ከ2023 ወዲህ ልብሱን ለሚያስጠግን ሰው ከ6 እስከ 25 ዩሮ ከሂሳቡ ታስቀንሳለች። እሱን አልጠየቅኩም። በሕልሜ ግን አይቸዋለሁ።

ቀጣዩ ጨረታ ከመውጣቱ በፊት ፈቃዳችሁ ከሆነ ናሙና ልስፋላችሁ። ጨርቁ ከናንተ፣ እጁ ከኔ። አንድ ሱሪ፣ አንድ ቀሚስ፣ ከነእጥፋታቸው። ልክ የምወስድለት ልጅ ብቻ ይዛችሁ ኑ፣ በተቻለ መጠን ቶሎ የሚያድገውን።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የሰፈር ልብስ ሰፊ