«ከሌላው ይበልጣል» ስትሉን ከየትኛው?

ሰላም የዝግጅት ክፍል፣ እንዴት ከረማችሁ፣ የምጽፍላችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው።

ሰሞኑን ገበያ መሀል አይሱዙ አቁመው በሞንታርቦ ዘፈን እየለቀቁ የልብስ ሳሙና ሲያስተዋውቁ ነበር። ሁለት ሳፋ ውሃ፣ ወጥ የነካው ሁለት ነጭ ጨርቅ፣ አንዱ ላይ የራሳቸውን ዱቄት ሌላው ላይ ደግሞ ምንም ካልተጻፈበት ፌስታል የሆነ ነገር ነሰነሱና «ይሄ የኛ፣ ያ የሌሎቹ» አሉ። የነሱ ፏ ብሎ ወጣ፣ ያኛው ወጡ እንዳለ ነው። እናቴ ወዲያው ሁለት ፓኬት ገዛች። ቤት ገብተን ከድሮው ኦሞ ጋር (እኛ ጋ መቼም ዱቄት ሳሙና ሁሉ ኦሞ ነው) በአንድ ዓይነት ውሃ፣ እኩል ለክተን ብናጥብበት ምንም ልዩነት የለውም፣ ዋጋው ነው እንጂ የተለየው።

እኔን ያናደደኝ ብሩ አይደለም። እናቴ እስካሁን «በዓይኔ አይቼ እኮ ነው የገዛሁት» ትላለች፣ እውነቷን ነው አይታለች፣ ግን ፌስታሉ ውስጥ ምን እንዳለ፣ የትኛው ሳፋ ሙቅ ውሃ እንደነበረ ማን ነገራት? «ሌላው» ሲባል ሰው ወዲያው የሚያስበው ቤቱ ያለውን ነው፣ ስም ስላልተጠራ ደግሞ ተነስቶ «ውሸት ነው» የሚል ነጋዴ የለም። ተንኮሉ እዚህ ጋ ነው።

ማወዳደር በራሱ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ፔፕሲ እ.ኤ.አ. በ1975 አሜሪካ ውስጥ ስም በሌለው ብርጭቆ ከኮካ ጋር ሰው እያስቀመሰ የቱ ይጥማል ብሎ ጠይቋል፣ ከማን ጋር እንደተወዳደረ ይታወቃል፣ የፈለገ ቤቱ ይሞክረዋል። እሱም ቢሆን እንከን አያጣም፣ አንዴ ፉት ሲሉት የሚጣፍጠው ይመረጣል፣ ጠርሙሱን ሙሉ ሲጠጡት ግን ሌላ ነው።

እኛም አገር ሕጉ አለ እኮ፣ የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በማስታወቂያ ላይ ዕቃን በሐሰት ወይም በሚያሻማ መንገድ ማወዳደርን ያላግባብ ውድድር ነው ብሎ ከልክሏል። ያ ፌስታል የሚያሻማ ካልሆነ ምን ያሻማል?

እና እባካችሁ እናንተም «ከሌሎች 2 እጥፍ ይቆያል» ዓይነት ማስታወቂያ ሲመጣላችሁ ከማን ጋር ነው፣ ማን ለካው፣ በሉልን። መልስ ከሌላቸው ያቺን መስመር ሰርዛችሁ የቀረውን አትሙላቸው።

አንባቢያችሁ