ከባሕር ዳር ለባሕር ዳር

እህት ዓለም፣ የወንዜ ልጅ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? አራት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ድንገት ጤናሽን ስጠይቅ ቅር እንደሚልሽ አውቃለሁ። እናትሽ እማዬ ማረፏን የሰማሁት ከሰው ነው። ያን ዕለት ስልኬን አንስቼ ቁጥርሽን አወጣሁና ሳልደውል መልሼ አስቀመጥኩት። ነገ ነገ ስል ወር አለፈ። ከወሩ በኋላ ደግሞ አፈርኩ። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው በምን አፉ ያወራል እያልኩ ዓመት ሆነ፣ ሁለት ዓመት ሆነ። በእሷ ጓዳ ያደግኩ ልጅ እንዲህ ማድረግ አልነበረብኝም። ነፍሷን በአጸደ ገነት ያኑርልን። ይቅር በይኝ።

አሁን የምጽፍልሽ ከካይሮ አይደለም፣ ከእስክንድርያ ነው። የምንከባከባቸው አሮጊት ተወልደው ያደጉት እዚህ ነው። የካይሮ ሙቀት ሲበረታባቸው ለአንድ ወር ይዘውኝ መጡ። ማታ ማታ እሳቸው ሲተኙ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ባሕሩን አያለሁ። ከባሕር ዳር ወጥቼ ባሕር ዳር ተቀምጫለሁ ብዬ አንቺን ማሰብ የጀመርኩትም እዚያው በረንዳ ላይ ነው።

እስክንድርያን ልጆች ሳለን ከቤተ ክርስቲያን ነው የምናውቃት። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ከአክሱም ድረስ መጥተው ከአትናቴዎስ እጅ ጵጵስና የተቀበሉት እዚህ ነው። ከዚያ ወዲህ ወደ 1600 ዓመት ጳጳስ የሚላክልን ከዚሁ ከማርቆስ መንበር ነበር፣ በ1943 ዓ.ም አቡነ ባስልዮስ እስኪሾሙ ድረስ። እኔ በልቤ የሣልኳት እስክንድርያ ዕጣን ዕጣን ትሸት ነበር። ስደርስ የሸተተኝ ዓሣ ነው። ወደድኩት።

ኮርኒሽ የሚሉት መንገድ አለ። ባሕሩን ተከትሎ ለኪሎ ሜትሮች ይሄዳል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከተማው በሙሉ የወጣ ይመስልሻል። ቤተሰቡ ሻዩን በፔርሙዝ ይዞ በግንቡ ላይ ይደረደራል። ሽማግሌዎች ረጃጅም የዓሣ መያዣ ዘንጋቸውን ወደ ባሕሩ ዘርግተው ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ልጆች ከድንጋይ ላይ እየዘለሉ ይዋኛሉ። ደግሞስ በቆሎው! እሸት በቆሎ በከሰል ላይ ይጠበሳል፣ ሻጩ በማራገቢያ ፍሙን ያቀጣጥላል። ሽታው ልክ የእኛ የነሐሴ ሽታ ነው። የጎደለው ዝናቡ ብቻ ነው፤ እዚህ በነሐሴ ጠብ አይልም።

በአንዱ ቀን ቃይትባይ ወደሚባለው ምሽግ ሄድኩ። በስሙ የሚጠራው የግብፅ ሱልጣን በ1477 እ.ኤ.አ. ያስጀመረው ነው። የቆመው ያ ለመርከቦች ብርሃን ያሳይ የነበረው የጥንቱ የፋሮስ መብራት ቤት በነበረበት ቦታ ላይ ነው። መብራት ቤቱ ከ100 ሜትር በላይ ቁመት ነበረው። ከ1,500 ዓመት በላይ ቆሞ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የመሬት መንቀጥቀጥ ጣለው። በ1994 እ.ኤ.አ. ጠላቂዎች ከምሽጉ ሥር ባሕር ውስጥ ገብተው ትላልቅ ድንጋዮችና ሐውልቶች ተጋድመው አገኙ። በምሽጉ ግንብ ውስጥም ቀይ ቀይ ግራኒት ታያለሽ። እጄን አሳረፍኩበት። እንዲህ ያለው ግራኒት የአስዋን ነው፤ በጥንት ጊዜ እስከዚህ ድረስ በአባይ ላይ ተጭኖ ነበር የሚመጣው። አባይ ሲባል ምን እንደሚሰማኝ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ግን ደብዳቤውን ያስጻፈኝ ሌላ ነገር ነው። ሐሙስ ማታ አሮጊቷን ደግፌ ኮርኒሽ ላይ እየሄድን አንድ የጋሪ ሻጭ ጋ ቆሙ። «ቱርሙስ» አሉኝ። በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠን። ጨው አለበት፣ ሎሚ ተጨምቆበታል። ከፍቼ ሳየው ግብጦ ነው! ያው ጠፍጣፋው፣ ቢጫው፣ መሐሉ ሰርጎድ ያለው ግብጦ። አንዱን በጥርሴ ነክሼ ቆዳውን በጣቴ ሳሾልከው እጄ ራሱ አስታወሰ፣ እኔ ገና ምንም ሳላስብ። ቆሜ አለቀስኩ። አሮጊቷ ደነገጡ። እናቴን የምታህል ሴት ግብጦ ታዘጋጅ ነበር አልኳቸው። ቆልታ በጆንያ ትሞላዋለች፣ አባይ ዳር ድንጋይ ላይ አስራ መራራው እስኪወጣ ለቀናት ትነክረዋለች፣ እኔና ልጇ ውሃው እንዳይወስደው እንጠብቃለን አልኳቸው። እሳቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? እነሱም ጋ በድሮ ጊዜ ቱርሙሱን በዘንባባ ቅርጫት ሰፍተው አባይ ውስጥ ይጥሉት ነበር። ያው ውሃ፣ እህቴ። የእማዬን ግብጦ አጥቦ ያለፈው ውሃ ወርዶ ወርዶ የእነሱንም ያጥባል።

ከዚያ ወዲያ እሳቸውም ወሬ ያዙ። ልጅ ሳሉ በመስከረም አካባቢ የአባይ ጎርፍ ባሕሩ ሲደርስ ሰርዲን ይትረፈረፍ ነበር አሉ። ነገሩ እውነት ነው። ክረምት ከእኛ ተራራ የሚጠርገው አፈር ባሕሩ ውስጥ ገብቶ ዓሣው የሚበላውን ያበቅል ነበር። ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአስዋን ግድብ ጎርፉን ሲይዘው ሰርዲኑ ባንዴ ነጠፈ። ስንት ዓሣ አጥማጅ ባዶ መረቡን ይዞ ቀረ። እኛ ከትምህርት ቤት በጭቃ ተለውሰን ስንገባ ያ ጭቃ እዚህ ድረስ ለሰው እንጀራ ሆኖ እንደኖረ ማን ነገረን? እኔ እንዲህ ያለው ነገር በትምህርት ቤት ሊነገረን ይገባ ነበር ባይ ነኝ።

የቧንቧው ውሃም ያው ነው። በ1820 እ.ኤ.አ. አካባቢ የግብፅ ገዥ የነበረው መሐመድ ዓሊ ያስቆፈረው የማሕሙዲያ ቦይ ከአባይ ቅርንጫፍ ጠልፎ ወደ ከተማው ያመጣዋል። አሁን ከጎኔ ያለው ሻይ በሱ የተፈላ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እማዬ ጆንያውን የምታስርበት ድንጋይ አሁንም አለ? ካለ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ግብጦውንስ አሁን ማን ያዘጋጀዋል፣ አንቺ ነሽ?

እሑድ ማታ እደውልልሻለሁ። ባታነሺው ማክሰኞ እደግማለሁ።

ያንቺው፣
የወንዝሽ ልጅ