ወረቀቱ የማን ነው? ለጎጃም ሚኒ ሚዲያ ክበባት የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የሚኒ ሚዲያ ተማሪ ጽሑፉ ሳይወጣ የሚቀርበት አብዛኛውን ጊዜ «ተከልክሏል» ተብሎ አይደለም። ወረቀት አልቋል ይባላል፤ ማባዣው ለፈተና ተይዟል ይባላል፤ የማጉያው ክፍል ቁልፍ የያዘው ሰው ስብሰባ ሄዷል ይባላል። ስለ ሽንት ቤቱ ውኃ የተጻፈው ዜና እንዲህ እየተባለ መንፈቀ ዓመቱ ያልቃል። ከልካይ የለም፤ አንባቢም የለም።

በመጀመሪያው ዙር በደጀን፣ ቢቸና፣ ሞጣ፣ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ለአንድ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሁለት ነገር እንዲሟላ እንፈልጋለን፤ የክበቡ የራሱ ዕቃና በጽሑፍ የሰፈረ ደንብ። ደንቡ ይቀድማል። ደንብ ያልቀደመው ማጉያ በወሩ ለሠርግ ወጥቶ ተቃጥሎ ይመለሳል።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን (ጽሑፍ ከመውጣቱ በፊት የሚደረግ ቁጥጥርን) በማንኛውም መልኩ ይከለክላል፤ የወጣቶችን ደኅንነትና የሰውን ክብር ለመጠበቅ ገደብ ሊደረግ እንደሚችልም ይናገራል። የትምህርት ቤት ጋዜጣን ግን ለይቶ አይጠራም፤ ክርክሩ የሚነሣው እዚያ ክፍተት ላይ ነው። የአሜሪካው የሄዝልውድ ትምህርት ቤት ጉዳይ ጥሩ ማስጠንቀቂያ ነው። ርእሰ መምህሩ ስለ ተማሪዎች እርግዝናና ስለ ወላጆች ፍቺ የሚያወሩ ጽሑፎች ያሉባቸውን ሁለት ገጾች ከተማሪዎቹ ጋዜጣ አወጡ፤ በ1988 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 3 በሆነ ድምፅ ለትምህርት ቤቱ ፈረደ። ጋዜጣው በክፍል ትምህርት የሚዘጋጅ የትምህርት ቤቱ ሥራ ነው፣ ለተማሪዎች ነፃ መድረክ ሆኖ አልተከፈተም የሚለው ከዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ነበር። መድረኩ የማን እንደሆነ አስቀድሞ መጻፍ ያለበት ለዚህ ነው።

የደንቡ ፍሬ ነገር አጭር ነው። ምን እንደሚወጣ የሚወስኑት ተማሪ አዘጋጆች ናቸው። ተጠሪ መምህሩ ስም ማጥፋትን፣ ጥላቻ መስበክን፣ የተማሪን የግል ምስጢር ማውጣትን ብቻ ያያል፤ ጥቃት የደረሰባት ልጅ ስሟም ክፍሏም አይጻፍም። ጽሑፉ ሐሙስ ይሰጠዋል፤ በሁለት የትምህርት ቀን ውስጥ ምክንያቱን ጽፎ ካልመለሰው ይወጣል። ዛሬ እንደሚደረገው ሰኞ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሊሰቀል አምስት ደቂቃ ሲቀረው ወረቀቱን ለሚያነብ ሰው መሰረዝ ከማንበብ ይቀልለዋል። አለመግባባት ቢነሣ አንድ መምህር፣ አንድ ወላጅና አንድ ተማሪ ያዩታል። ስሕተት ከወጣ ማረሚያው ስሕተቱ በወጣበት ቦታ ይወጣል። ይህ ሁሉ በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) ቃለ ጉባኤ ካልጸደቀ አዲስ ርእሰ መምህር ሲመጣ ይረሳል።

በጎጃም የቅኔ ጉባኤ ቤቶች፣ በዋሸራም ሆነ በጎንጅ፣ የቅኔ ተማሪ የቆጠረውን (የደረሰውን) ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም ያርማል፤ ቤት የሰበረውን ያቀናለታል እንጂ አትቁጠር አይለውም። ማረምና መከልከል ለየቅል መሆናቸውን ይህ አገር ከጥንት ያውቃል።

አሁን ወደ ዕቃው። ለአንድ ትምህርት ቤት በ220ም በ12 ቮልትም የሚሠራ ባለ 60 ዋት ማጉያ፣ ባለ 30 ዋት 16 ኦም (የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ) ሁለት ጡሩምባ ሞንታርቦ፣ ሁለት ማይክሮፎን፣ መለዋወጫ ፊውዝ፣ ባለ 40 አምፔር ሰዓት ባትሪ ከነቻርጀሩ ያስፈልጋል። ሁለቱ ሞንታርቦ ጎን ለጎን ሲቀጠሉ 8 ኦም ይሰጣሉ። «ድምፁ ይጨምር» ተብሎ ሌላ ሁለት ከተቀጠለ ወደ 4 ኦም ይወርዳል፤ ለዚያ ያልተሠራ ማጉያ ይቃጠላል። ባትሪው መብራት ሲጠፋ ለቀን 20 ደቂቃ ስርጭት ነው፤ ማጉያው እስከ 8 አምፔር ቢስብ እንኳ በቀን ከ3 አምፔር ሰዓት በታች ስለሚወስድ በሳምንት አንድ ጊዜ መሙላት ይበቃል። ከግማሽ በታች ማውረድ ግን ዕድሜውን ያሳጥረዋል።

ባለ አራት ገጽ ጋዜጣ፣ 200 ቅጂ፣ ፊትና ጀርባ ሲታተም 400 ቅጠል ይፈጃል። አንድ ደስጣ 500 ነው፤ ቀሪው 100 ለተበላሸና ለሙከራ። በዓመት ስምንት እትም፣ ስምንት ደስጣ። ከዝርዝሩ ሁሉ ርካሹም ይኸው ነው፤ በእኛ ግምት ግን ከማጉያው የሚበልጥ ነፃነት የሚያመጣው እሱ ነው። ከፈተና ወረቀት ላይ የሚለመን ጋዜጣ ስለ ፈተና ስርቆት ሊጽፍ አይችልም። ለግድግዳ ጋዜጣ አንድ ሉህ ኮምፔንሳቶ ከነክፈፉ፣ ባለ ሁለት ቁልፍ፣ ክረምት ስለሚያበሰብሰው ከጣሪያ ክፈፍ ሥር የሚሰቀል። ድምፅ ለመቅረጽ ያገለገለ ሞባይልም እንቀበላለን፤ የግል ፎቶና መልእክታችሁን አጥፍታችሁ ስጡ።

በማዕከል የምንሰበስበው ገንዘብ የለም፤ ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚቀያየር በዓይነት ይሻላል። ከስድስቱ ከተሞች አንዱን ምረጡ፣ ብቻችሁን ካልቻላችሁ በማኅበር ወይም በዕድር ተካፈሉት። ዕቃውን ለትምህርት ቤቱ ወተመህ ስታስረክቡ «ለሚኒ ሚዲያ ክበብ ብቻ» የሚል የስጦታ ደብዳቤ አያይዙ። በሞዴል 19 ቅጽ ገቢ መደረጉን አይታችሁ ደረሰኙን ተቀበሉ፤ ከዚያ በሞዴል 22 በተጠሪ መምህሩ ስም ወጪ ይሆናል። ይህ ሁለተኛው ወረቀት ከተዘለለ ዕቃው መጋዘን ይቀራል። ትምህርት በተቋረጠበት ቦታ ርክክቡ በሩ እስኪከፈት ይቆይ።

ሌላው ችግር ባለሙያ ተማሪ 12ኛን ሲጨርስ ሙያውን ይዞ መሄዱ ነው። ከክበቡ አባላት ሲሶው ከ9ኛ ክፍል እንዲሆን በደንቡ ገብቷል። ዜና አጻጻፍ ወይም የማጉያ ጥገና የምታውቁ ሁለት ቅዳሜ ብትሰጡን ከዕቃው እኩል እንቆጥረዋለን።