«አልመጣም» ተብሎ የተጻፈው ወጣት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ የባሕር ዳር ነዋሪ ነኝ። ባለቤቴ ዕድሜውን ሙሉ ከባሕር ዳር ዘጌ ጀልባ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ደም ግፊት እንዳለበት ሳናውቅ ኩላሊቶቹን ጨረሳቸውና ይኸው ሁለት ዓመት ተኩል፣ ሰኞና ሐሙስ የኩላሊት እጥበት ያደርጋል። ደብዳቤውን ያስጻፈኝ ግን አጠገቡ ይታጠብ የነበረ አንድ ወጣት ነው።

ወጣቱ የሚመጣው ከሐሙሲት ነበር። በማለዳ ሚኒባስ ተሳፍሮ፣ ደሙ ወደ እጥበት ማሽኑ እንዲሄድ አንገቱ ላይ የገባለትን ቱቦ በፎጣ ሸፍኖ ይደርሳል። እኔ ባለቤቴ ሚዛን ላይ ሲወጣ ኪሎውን የምመዘግብበት ደብተር አለኝ። ልጁ እሱን ሲያይ «እትዬ፣ የኔንም ጻፊልኝ» አለኝና በኅዳጉ ላይ በእርሳስ እጽፍለት ጀመር። አንድ ሰኞ ቀረ። ሐሙስም ቀረ። በሦስተኛው ሳምንት አልጋው ለሌላ ሰው ተሰጠ። እሑድ ሌሊት ማረፉን የሰማነው ወንድሙ የተረፈውን ሄፓሪን፣ በእጥበት ጊዜ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን መድኃኒት፣ «ላጣ ሰው ስጡልኝ» ብሎ ይዞ ሲመጣ ነው። ሲስተሯ ካርዱን ስታወጣ አጠገቧ ቆሜ ነበር። የመጨረሻው መስመር ላይ የተጻፈው «አልመጣም» የሚል ነው። ሲስተሯ እንባዋን ጠረገች፣ ካርዱንም ወደ ቦታው መለሰችው።

ነርሶቹን አልወቅስም። በአንድ እጥበት አራት ሰዓት ውስጥ በማሽኑ በኩል ወደ 120 ሊትር የተጣራ ውሃ ያልፋል፤ በእኛ መስፈሪያ ስድስት ጀሪካን ማለት ነው። መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር ደሙ ቱቦው ውስጥ እንዳይረጋ በእጃቸው ፓምፕ ሲያዞሩ አይቻለሁ። እንዲህ የሚሠራ ሰው ማታ ካርድ ቆጥሮ ይደምር አልልም። ግን አንድ ሰው መደመር አለበት።

ለምን እንደምል ከራሴ ደብተር ልጀምር። በሽንት የማይወጣው ውሃ እስከሚቀጥለው እጥበት ሰውነት ውስጥ ስለሚጠራቀም፣ ባለቤቴ የሚጠጣውን በስኒ ነው የምሰፍርለት። ጥሙ ሲብስበት ሎሚ ቆርጬ አጎርሰዋለሁ፤ ጨው ከወጡ ካወጣሁ ወዲህ ጥሙም ቀንሷል። ዘጌ ለዘመድ ተዝካር የሄድን ጊዜ ጠላውን እምቢ ማለት ከብዶት፣ ሰኞ ሲመዘን 4 ኪሎ ተኩል ጨምሮ ተገኘ። ይህ ሁሉ ተጽፏል። ትንፋሽ አጥሮት በባጃጅ ወደ ድንገተኛ የሮጥንባቸው ሌሊቶችም ተጽፈዋል። ዘጠኝ ናቸው። ሰባቱ ከእሑድ ለሰኞ አጥቢያ ናቸው። ከሰኞ እስከ ሐሙስ መሃል ያለው ሁለት ቀን ነው፤ ከሐሙስ እስከ ሰኞ ግን ሦስት ቀን። ልዩነቱ ያቺ አንዲት ቀን ናት ታዲያ።

ከአንድ ሰው ሕግ እንደማይወጣ አውቃለሁ፤ ስንት ዓመት ያስተማርኩት እሱን ነው። ሐኪም ለሆነው የቀድሞ ተማሪዬ ደውዬ ስነግረው ግን አንድ ጥናት አነበበልኝ። እ.ኤ.አ. በ2011 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣ ነው። አሜሪካ ውስጥ በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚታጠቡ ከ32 ሺህ በላይ ሕሙማንን ተከታትሏል። እነሱ እንኳ በሳምንት አንዴ የሁለት ቀን ክፍተት አላቸው። ከዚያ ክፍተት በኋላ ባለው ቀን ሞቱ በዓመት ስሌት ለ100 ሰው 22.1፣ በሌሎቹ ቀናት 18 ሆኖ ተገኘ። ስልኩን እንደያዝኩ ዝም አልኩ። እኔ በባጃጅ ውስጥ ያየሁትን እነሱ በ32 ሺህ ሰው ቆጥረውታል። ሊቆጥሩት የቻሉት እያንዳንዱ ሕመምተኛ መቼ እንደታጠበና መቼ እንደሞተ የተጻፈበት መዝገብ ስላላቸው ነው።

የእኛ ሰው በሳምንት ሁለቴ የሚታጠበው ሁለቴ ስለሚበቃው አይደለም፤ ገንዘቡም ማሽኑም አልደርስ ብሎ ነው። ተማሪዬ እንዳስረዳኝ ሽንቱ ገና ላልተቋረጠ ሰው ሁለቴ ሊበቃው ይችላል። የቀረችው ትንሽ የኩላሊት ሥራ ዕድሜ እንደምታረዝምም በጥናት ታይቷል። ባለቤቴ በቀን ግማሽ ሊትር ያህል ይሸናል፣ በጆግ እለካዋለሁ። ያ ልጅ ግን «እትዬ፣ እኔ ጠብታም የለኝ» ብሎኝ ነበር። ሁለቱም ግን እኩል ሁለት ቀን ነው የተመደበላቸው። እዚያ ክፍል ውስጥ ማን ምን ያህል እንደሚሸና የጠየቀ ሰው አላየሁም።

የአንገቱ ነገርም አለ። ባለቤቴ ግራ ክንዱ ላይ ፊስቱላ ተሠርቶለታል፤ የደም ቅዳው ከደም መልሱ ጋር ተገናኝቶ የተሰፋበት፣ የእጥበቱ መርፌ የሚገባበት ቦታ ነው። ጆሮዬን ሳስጠጋው ከሩቅ የሚመጣ የጀልባ ሞተር ይመስላል። ጣቴን ሳሳርፍበት ይነዝራል። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የምነካው እሱን ነው፤ በዚያ እጁ ደም ግፊት የሚለካውን፣ ደም የሚቀዳውን ሁሉ እቆጣለሁ። ይህን ዘዴ የኒውዮርክ ሐኪሞች ለዓለም ካሳወቁት ከ1966 እ.ኤ.አ. ወዲህ አንገት ላይ ቱቦ ያለው ሰው ፊስቱላ ካለው ይልቅ በኢንፌክሽን እንደሚጠቃና ቶሎ እንደሚሞት ደጋግሞ ታይቷል። ለልጁ ግን ለጥቂት ሳምንት ተብሎ የገባው ቱቦ ዓመት ሊሞላው ነበር።

እንግዲህ ልጁን የገደለው ቱቦው ነው? ረጅሙ ክፍተት ነው? ወይስ ያን ቅዳሜ የሚኒባሱን ገንዘብ ለማግኘት ቲማቲም ሲያወርድ ውሎ የበላው የጠጣው ነገር ነው? «አልመጣም» ከሚል ቃል ይህ አይወጣም።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በከተማችን እጥበት የሚሰጥ ክፍል ሁሉ አንድ ዓይነት መዝገብ ይያዝ። ሲገባና ሲወጣ ያለው ኪሎ፣ ቱቦ ወይም ፊስቱላ፣ በቀን የሚሸናው መጠን ይጻፍበት፤ ስም መውጣት የለበትም፣ ቁጥር ይበቃል። የቀረ ሰው ሲኖር በማግስቱ ስልክ ይደወል፣ ሞቶ ከሆነም ሞተ ተብሎ ይጻፍ፤ የት እንደሞተና በስንተኛው ቀን እንደሆነ ጭምር። የጤና ቢሮው በየዓመቱ ደምሮ ይንገረን። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎችም ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ርዕስ ስትፈልጉ እዚያ ክፍል አንድ እሑድና አንድ ሰኞ ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ። ማሽኑ ሦስተኛ ቀን ሊጨምርልን ባይችል እንኳ፣ ማን ሦስተኛ ቀን እንደሚያስፈልገው፣ ማን በሁለት እንደሚቆይ ተለይቶ ተራው ሊሸጋሸግ ይችል ነበር። ለዚህ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም፤ ደብተርና የሚያነብ ሰው ነው የሚያስፈልገው።

የእኔ ሦስት ደብተር ሞልቷል። ለሚመረምር ሰው ፎቶ ኮፒ አድርጌ ለመስጠት ዝግጁ ነኝ፣ ባለቤቴም ፈቅዷል። የልጁ ኪሎ በሁለተኛው ደብተር ኅዳግ ላይ በእርሳስ ይገኛል። የመጨረሻው ሐሙስ ዕለት ታጥቦ ሲወጣ የተመዘነው ነው፣ 58.4።

ጡረተኛ የሒሳብ መምህርት
ከባሕር ዳር