ፍቅሩ የሚጀምረው ከሞተሩ ነው

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ ጥንታዊ መኪኖች ፍቅር ሲጻፍ ሁሌ የሚነሳው ቅርጽና ቀለም ነው። ብዙዎችን የማረካቸው ግን በገዛ እጅ መጠገናቸው ይመስለኛል። የድሮዋን ቮልስ እንውሰድ፦ ሞተሯ (ያውም ከኋላ) በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር የላትም፤ የምትይዘው ዘይት 2.5 ሊትር ብቻ ነው።

የቫልቭ ክፍተቷ (ነዳጅ የሚቃጠልበትን ሲሊንደር በር የሚከፍትና የሚዘጋው ቫልቭ ከሚገፋው ክንድ ጋር ያለው ርቀት) በአብዛኞቹ ሞዴሎች 0.15 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሚለካው ሞተሩ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ነው። ጀማሪዎች ቀጭ ቀጭ የሚለውን ድምፅ ለማጥፋት ክፍተቱን ያጠብባሉ። ያኔ ቫልቩ ገጥሞ አይዘጋም፤ ሙቀቱን ሲዘጋ ለሚያርፍበት መቀመጫ ስለማያስተላልፍ ይቃጠላል። በቀደሙት ሞዴሎች ደግሞ የዘይት ማቀዝቀዣው የ3ኛውን ሲሊንደር አየር ስለሚጋርድ፣ ቶሎ የሚጎዳው የእሱ ቫልቭ ነው። ስለዚህ ትንሽ ድምፅ ቢሰማ አያስደንግጥ፤ የክፍተቱ ማስተካከያ ብሎን ከታሰረ በኋላ ግን ክፍተቱ እንደገና ይለካ፣ ሲታሰር ይዛነፋልና።

ከአንድ አንባቢ