የአንዲት እናት ጥያቄ የት ደረሰ? ግልጽ ደብዳቤ ለፕላንና ልማት ሚኒስቴር

የተከበራችሁ የሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች፦

በአንድ ወረዳ የዕቅድ ባለሙያ ሆኜ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ የውሃ ፓምፕ ነው።

ቀበሌ ስብሰባ ላይ አንዲት እናት ተነሱ። «ፓምፑ ከተበላሸ ሁለት ክረምት አለፈው፤ ከወንዝ ነው የምንቀዳው» አሉ። የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ መዝገብ ላይ አሰፈረው። እኔም ቅጹን ሞልቼ ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት አስተላለፍኩ። በዓመቱ ስንመለስ እኚሁ እናት ያንኑ ጥያቄ አነሱ። የምመልሰው አጣሁ። በጀት ጠፍቶ ይሁን፣ ቅጹ መሳቢያ ውስጥ ቀርቶ ይሁን አላውቅም። ቢሮ ገብቼ ያልጠየቅኩት ሰው የለም። ሁሉም የድርሻውን ሠርቷል። ጥያቄው ግን ዱካው ጠፍቷል። እስካሁን ይከነክነኛል።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ወረዳዎች ጥቅል በጀት (ለየሥራው ሳይከፋፈል በአንድነት የሚሰጣቸውን ገንዘብ) ማስተዳደር ሲጀምሩ ሐሳቡ ውሳኔው ለሕዝቡ እንዲቀርብ ነበር። ቀጥሎ ቢፒአር፣ የመሥሪያ ቤቶችን አሠራር ከመሠረቱ የመለወጥ ሥራ፣ መጣ። ነባሩን አሠራር በሥዕል ሳልን፣ አዲሱን ሳልን፣ ሰነዱ ተጠረዘ። ዛሬም ብዙ በር ላይ «ዋና የሥራ ሂደት» የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ። ሂደቱን የሚያሳይ ሥዕል ግን ግድግዳው ላይ የለም። እኔ እንደማየው ችግሩ ሁሉም የራሱን ቢሮ ብቻ መሳሉ ነው። የልማት ዕቅድ ከቢሮ ቢሮ የሚሻገር ሥራ ነው። የሕዝብ ጥያቄ የሚጠፋው መሻገሪያው ላይ ነው።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። የበጀት ጣሪያው፣ ማለትም ልናቅድ የምንችለው የገንዘብ ልክ፣ ዘግይቶ ሲደርሰን ዕቅዱን በጥድፊያ እንከልሳለን። ደመወዝና ሥራ ማስኬጃ ከተነሳለት በኋላ ለካፒታል፣ ማለትም ለግንባታና ለመሰል የልማት ሥራ፣ የሚተርፈው ትንሽ ነው። የቱ ጥያቄ ተቆረጠ፣ ማን ቆረጠው፣ በምን መመዘኛ? የሚጻፍበት ቦታ አልነበረም።

ስለዚህ ወደ ወረዳ የሚወርደው የዕቅድ መመሪያ ከቅጾቹ ጋር የአንድ ገጽ የሥራ ፍሰት ሥዕል ይኑረው። ለቀበሌው፣ ለሴክተር ጽሕፈት ቤቱ፣ ለፕላን፣ ለገንዘብ፣ ለካቢኔውና ለምክር ቤቱ ለየብቻ መስመር ይሰመር። ጥያቄው ከማን ወደ ማን እንደሚያልፍ፣ እያንዳንዱ ጋ ስንት ቀን እንደሚቆይ ይታይ። ከሁሉ በላይ «ዘንድሮ አይሆንም» የተባለ ጥያቄ ከነምክንያቱ ወደ ቀበሌው የሚመለስበት ቀስት ይኑር። እኛ በሳልናቸው ሥዕሎች ላይ ቀስቱ ሁሉ ወደ ላይ ነበር የሚሄደው።

ጥያቄዎችን በኮምፒውተር የሚከታተል ሶፍትዌር ካስፈለገ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ዛሬ ወረቀት ላይ የሚጠፋው ጥያቄ፣ መንገዱ ካልተበጀለት ነገ ኮምፒውተር ውስጥ ይጠፋል።

አደራ፣ ሥዕሉን አዲስ አበባ ተቀምጣችሁ አትሳሉት። አንድ ወረዳ ውረዱ። አንድ ጥያቄ ምረጡና ከቀበሌው መዝገብ ጀምራችሁ ቢሮ ለቢሮ ተከተሉት። የቆመበትን ቦታ ስታገኙ እዚያ ላይ ምልክት አድርጉ፤ ለእኚያ እናትም መልሱን ንገሯቸው።

ከአክብሮት ጋር
የቀድሞ የወረዳ ዕቅድ ባለሙያ